ለአለቱ ተባብረናል፤ ለአረጋውያኑስ?

 

ጋባዦቼ «የአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤና ዓለም አቀፍ ትብብር» የሚል ርዕስ ሰጥተውኛል። ርዕሱን ሲሰሙት የጄኔቫ ስብሰባ ይመስላል። ጉዳዩ ግን እዚሁ ላስታ ውስጥ፣ ሹምሸሃ፣ ኩልመስክና አይና ያለ፣ በየጓዳችን ይዘነው የምንኖረው ጉዳይ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ኦክቶበር 1 የአረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲከበር ወሰነ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 21 ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ግሸን ማርያም ናት። ዓለም ስለ አረጋውያን በሚነጋገርበት ዕለት የወሎ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምርኩዛቸውን ይዘው የአምባሰልን ዳገት ሲወጡ ይውላሉ። እነሱ መውጣት የቻሉት ናቸው። የእኔ ንግግር ከደጃፍ መውጣት ስላቃታቸው ሰዎች ነው።

ንግግሬን በአራት ነጥብ ከፍዬዋለሁ። አንደኛው፣ ላስታ ውስጥ ጧሪ ለምን ተመናመነ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እኛ ለዓለም አረጋውያን የምንሰጠውን ይመለከታል። ሦስተኛው፣ ይህች ከተማ፣ ላሊበላ፣ ከውጭ ሰዎች ጋር ስትሠራ የተማረችውን ያነሣል። አራተኛው፣ ምን እንጠይቅ፣ ምንስ እናድርግ የሚል ነው። ሐሳቤ ግን አንድ ነው፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ከዓለም ጋር ስንነጋገር እጃችንን ለልመና ዘርግተን መቅረብ የለብንም። እኛም ሰጪዎች ነን፤ ከሰጪ ወገን ሆነን እንነጋገር።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ስንል ሐኪም የሚያደርገውን አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ለቤተሰብ የሚቀረውን ሥራ ማለታችን ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሰው ጎኑ እንዳይቆስል ማገላበጥ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለን አባት ሳያሳፍሩ ማጠብ፣ መዋጥ ላቃታት እናት አጥሚቱን በማንኪያ ማጉረስ ነው። የልጇ ስም የጠፋባትን፣ በውድቅት ሌሊት ተነሥታ እቤቷ ሆና «ቤቴ ውሰዱኝ» የምትለውን አሮጊት አባብሎ ማስተኛት ነው። ይህ ሥራ የአንድ ሳምንት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ይረባረባል። አምስት ስድስት ዓመት ሲሆን ግን አንዲት ሴት ላይ ይወድቃል። ወይ ልጅ ናት፣ ወይ ምራት ናት፣ ወይ ትምህርቷን አቋርጣ እቤት የቀረች የልጅ ልጅ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ መልበስን፣ መድኃኒት መውሰድን የመሳሰለ የየዕለት ጉዳያቸውን ራሳቸው መፈጸም የማይችሉ አረጋውያን በዓለም ላይ ቢያንስ 142 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ገልጿል። በጃፓን ከሕዝቡ 29 በመቶ ያህሉ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በእኛ አገር 60 ዓመት የሞላው ሰው ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «እኛ የወጣት አገር ነን፤ ይህ የሀብታሞች ችግር ነው» ይላል። አምስት በመቶው ግን ከስድስት ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። ደግሞም ጃፓንን ጧሪ ያጠራት ልጅ ስላልተወለደ ነው። ላስታ ውስጥ ልጅ ተወልዶ ነበር። የት ሄደ? ጥያቄው ይህ ነው።

ዛሬ 80 ዓመት የሞላቸውን አስቡ። በ1966ቱ ድርቅ ትዳር የያዙ ወጣቶች ነበሩ። በ1977ቱ ረሃብ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ከእነሱ ውስጥ በዚያ ክፉ ቀን ልጆቻቸውን የቀበሩ አሉ። ወንድምና ልጃቸው በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ ሄዶ በዚያው የቀረባቸውም አሉ። በ1977 በአራት ዓመቱ የሞተ ሕፃን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ዛሬ የአርባ አምስት ዓመት ገደማ ጎልማሳ፣ የቤቱ ጧሪ በሆነ ነበር። የዛሬው የጧሪ እጦት የዚያ ዘመን ዕዳም ጭምር ነው።

ከዚያ የተረፈው ደግሞ መሬት አልበቃው አለ። ለገበሬ ጡረታው መሬቱ ነበር። አባት ሲደክም መሬቱን የሚያርስለት ልጅ አብሮት ይቀመጣል፤ የጦረው ልጅም መሬቱን ይወርሳል። ልጅ የሌላት ባልቴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ በድርሻዋ ትኖራለች። መሬቱ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲሸነሸን ግን እንኳን ለሁለት ትውልድ ለአንዱም አልበቃ አለ። ፍርድ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ «የጦርኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ክርክር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል! በ2003 የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች አብረው ሲወጡ ብዙ ሰው ዋስትና አግኝቷል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው ገበሬ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

የከተማውንም ታውቁታላችሁ። እዚህ ላሊበላ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ የሚያከራየው ልጅ ነበር እናትና አባቱን የሚጦረው። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ድረስ ገባ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ግጭት አልበረደም። እንግዳ ሲጠፋ የጦም አዳሪውን ቁጥር ከወጣቱ ብቻ አትቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ ፈት ወጣት ጀርባ የሚጦራቸው ሽማግሌዎች አሉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የእኛም አገር የራሱ የመጦሪያ ሥርዓት ነበረው፣ አለውም። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተበተኑባት ሴት ቆብ ደፍታ እማሆይ ትባላለች፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ በትንሽ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ምእመኑም ከዝክሩና ከሰንበቴው ያካፍላታል። ክብር ያለው ኑሮ ነው፤ ማንም ለማኝ አይላትም። ይህ ሥርዓት ግን የቆመው በሰጪው ጎተራ ላይ ነው። ጎተራው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎድልባት እማሆይ ናት።

እንግዲህ የላስታ ጧሪ የተመናመነው ልጅ ወላጁን መውደድ ስለተወ አይደለም። ልጁን ረሃብ ወሰደው፣ ሰፈራ ወሰደው፣ መሬት ጠበበው፣ ሥራ ጠፋበት። ቀሪውን ደግሞ ባሕር ማዶ ወሰደው። ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ያሻግረኛል።

ባሕር ማዶ የሄደው ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? ከሰሜን ወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆቻችን ቤት ያጸዳሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ ሕፃን ያሳድጋሉ። ብዙዎቹ ደግሞ የአሠሪያቸውን እናት ያጥባሉ፣ አያቱን ከአልጋ ያነሣሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶችና በየሰው ቤት እየሄዱ ፈረንጅ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። ከመካከላቸው እዚህ መምህርና ነርስ የነበሩ አሉበት። ጅዳና ሪያድ፣ ቤይሩትና ዋሽንግተን አንድ አረጋዊ ሌሊት ሲጣራ «አቤት» የምትለው ድምፅ የእኛ ልጅ ድምፅ ልትሆን ትችላለች።

የእሷ እናትስ? የእሷ እናት ላስታ ውስጥ ናት፤ ብቻዋንም አይደለችም። ልጅቷ ስትሄድ ትታባት የሄደችውን ሕፃን እያሳደገች ነው። በሰባ ዓመቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። መጦር በሚገባት ዕድሜ ጧሪ ሆናለች። በየወሩ ገንዘብ ይላክላት ይሆናል። ገንዘብ ጤፍና ዘይት ይገዛል፤ ጎኗ ሲቆስል ግን አያገላብጣትም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት እንይ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጃፓን በ2000 የእንክብካቤ መድን አቋቁመዋል፤ ጃፓን ውስጥ 40 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ መዋጮ ይከፍላል። ገንዘብ ግን ሰው አይሆንም። ጃፓን ተንከባካቢ ሠራተኛ ሲያጥራት ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስና ከቬትናም ጋር የመንግሥት ለመንግሥት ስምምነት አድርጋ፣ ሙያና ቋንቋ አስተምራ፣ ፈትና መቅጠር ጀመረች። እነዚያ አገሮች ልጆቻቸውን ሲልኩ ሙያ ብለው ላኩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ሀብታም አገሮች የጤና ባለሙያ ከደሃ አገር ሲወስዱ ሊከተሉት የሚገባ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። ደንቡ የሚለው በአጭሩ፣ ሠራተኛ የወሰደ አገር የሠራተኛውን አገር የጤና ሥርዓት ያግዝ ነው። ያለ ነርስነት ዲፕሎማ በየጓዳው የአረጋዊ ነርስ ሆና የምትሠራው ልጃችን ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባችም።

እኛስ ምን አደረግን? መንግሥታችን ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከዮርዳኖስና ከኳታር ጋር የሠራተኛ ስምምነት ፈርሟል። አዋጅ 923/2008 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ደንግጓል። ጥሩ ነው። ግን አስተውሉ፤ ልጅቷ ሰው ቤት ለምትሠራው ሥራ ሥልጠና ታገኛለች። እዚሁ ቀርታ የራሷን እናት ለምታስታምመው እህቷ አንድ ቀን ሥልጠና የሰጠ የለም። ለጅዳ እናት ያሰብነውን ለላስታ እናት አላሰብንም።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ እኛ ሰጪዎች ነን። የዓለምን አረጋውያን ከሚሸከሙት ትከሻዎች አንዱ የወሎ ትከሻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ይህች ከተማ ስለምታውቀው ትብብር ነው። ላሊበላ ዓለም አቀፍ ትብብርን ከማንም በፊት ታውቀዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ድርጅት ጣሊያናዊውን አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒን ይዞ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠገን መጣ። ከቡድኑ ሥራዎች አንዱ ከዚያ በፊት በነበረ ጥገና አለቱ ላይ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም መላጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ላሊበላ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ። ለጊዜው ተብለው የቆሙት መጠለያዎች ቆይተው ክብደታቸው ራሱ ስጋት ሆነና የከተማው ሰው «ድረሱልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ሌላ የጥበቃ ሥራ ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት እንውሰድ። አንደኛ፣ ባለቤቱን ሳያማክር የመጣ እርዳታ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ ሲሠራ፣ አንዴ ሲነሣ። ሁለተኛ፣ «ለጊዜው» ተብሎ የተጀመረ ነገር ዓመታት ይቆያልና ከጥንቱ መጨረሻው ይታሰብበት። ሦስተኛ፣ ትብብር የሚጸናው የአገሬው እጅ ሙያውን ሲይዘው ነው።

ለሰው የተደረገ ትብብርም አለን፤ ያውም የሠመረ። የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከሚበረታባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሲሠራ ቆይቷል። መድኃኒቱን ፋይዘር በነፃ ይሰጣል። የተቀለበሰውን የዐይን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና የሚያስተካክሉት ግን እዚሁ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎቻችን ናቸው። ይህ ከአረጋውያን እንክብካቤ ጋር ምን አገናኘው? ዐይነ ስውር አያቱን በበትር እየመራ የሚውል ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የአያቲቱ ዐይን ሲተርፍ እሷ ራሷን ትችላለች፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይገባል። አንድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሰው ነፃ ያወጣል። ከእንክብካቤ ሁሉ የሚበልጠው ሰውዬው ቶሎ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው።

ሴፍቲኔትንም ታውቁታላችሁ፤ በ1997 ተጀመረ። መሥራት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጉልበት ሳይጠየቁ የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ የመጣው ከዚያው ነው። ገንዘቡ ከመንግሥትም ከብዙ ለጋሽ አገሮችም ነው። በ2017 የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ግን በአገራችን ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲቆም አየን። በሌላ አገር ምርጫ ውጤት የሚቋረጥ ነገር ለ80 ዓመት ሰው ዋስትና ሊሆን አይችልም። ትብብሩ በስምምነትና በሕግ መታሰር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ደግሞ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዝዛል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል በጥር 2008 እዚሁ አገራችን አዲስ አበባ ጸደቀ፤ 15 አገሮች ካጸደቁት በኋላ በጥቅምት 2017 ሥራ ላይ ዋለ። አገራችንም ካጸደቁት አንዷ ናት። ፕሮቶኮሉ ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ፣ ስለ መጦሪያ ተቋማት፣ የልጅ ልጅ ስለሚያሳድጉ አያቶችም ይናገራል። በመጋቢት 2017 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ለአረጋውያን መብት አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያረቅ የመንግሥታት ቡድን እንዲቋቋም ወስኗል። ረቂቁ ገና የሚጻፍ ነው። ድምፃችንን ለማሰማት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ፤ ምን እንጠይቅ? ምን እናድርግ?

ከሠራተኛ ተቀባይ አገሮች የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ልጆቻችን አረጋዊ የሚንከባከቡ ከሆነ ሥራቸው በስሙ ይመዝገብ፣ እንደ ሙያ ይከፈልበት፣ ሲመለሱም የሚያሳዩት ምስክር ወረቀት ይሰጣቸው። በስምምነቶቹ ውስጥ እዚህ ለሚቀሩ ተንከባካቢዎች ማሠልጠኛ የሚውል ድርሻ ይግባ። ከጅዳ በሙያ የምትመለስ ልጅ ላስታ ውስጥ አሠልጣኝ ትሁን።

ከመንግሥታችን የምንጠይቀው ጡረታ ለሌለው ገበሬ ጡረታ እንዲሰጥ ነው። «ደሃ አገር ይህን አይችልም» ለሚል መልሱ ሌሶቶ ናት። እንደ ላስታ ተራራማ፣ እንደ እኛም ልጆቿ ለሥራ ወደ ጎረቤት አገር የሚሰደዱባት ደሃ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜው 70 ለሞላ ዜጋ የጡረታ ክፍያ ጀመረች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018፣ 70 ዓመት ለሞላቸው በወር 2,000 ሽልንግ መክፈል ጀምራለች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን በእጇ ገንዘብ ያላት አያት በቤቷ ውስጥ ድምፅ አላት።

ከለጋሾች የምንጠይቀው ሕንፃ አይደለም። የመጦሪያ ማዕከሉን መቄዶንያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢንያም በለጠ በቤተሰቡ ግቢ በጥቂት ሰዎች የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጧሪ ያጡ ሰዎችን ይዟል፤ ገንዘቡንም አገር ውስጥና ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው የሚያዋጣው። ከመንገድ ላይ ለተነሣ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሕይወት ነው። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ግርጌ ይዞ የሚኖር ሽማግሌ ግን ከደብሩና ከአባቶቹ መቃብር ተለይቶ ከተማ መጦር አይፈልግም። ለእሱ እንክብካቤው እሱ ዘንድ ይሂድለት። በቀበሌው አንዲት የሠለጠነች፣ ደመወዝ ያላት ተንከባካቢ ብትኖር፣ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ብትዞር፣ የምታስታምመዋን ልጅ በወር ሁለት ቀን ብታሳርፋት፣ ከትልቅ ሕንፃ ይልቅ ለብዙ ሰው ትደርሳለች።

ከእኛስ? እውነቱን እንነጋገር። እድራችንና ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ያው ሰው ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ግን ደንባችን ስለ እሱ አንድ አንቀጽ የለውም። ለእንግዶቻችንም ተመሳሳይ ነገር አስለምደናቸዋል። ላሊበላ የመጣ ቱሪስት ለልጅ ደብተርና ኳስ ይገዛል፣ ተማሪ ያስተምራል፤ ደግ ነው። ስለ አንዲት የአልጋ ቁራኛ የነገረው አስጎብኚ ግን ስለሌለ ጠይቆ አያውቅም።

ስለዚህ ለዚህ አዳራሽ ሦስት የቤት ሥራ ልስጥና ልጨርስ። የእድርና የቅሬ ዳኞች፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ በአባሎቻችሁ ቤት ራሱን የማይችል ሰው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚያስታምመው፣ ምን እንደሚጎድለው መዝግቡ። ከመዋጮው ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለአስታማሚዋ ሳሙናና አንሶላ አድርጉ፤ ተራ የሚገቡ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶችም መድቡ። ወንዶች ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ አባቱን ማጠብ ለወንድ ልጅ ነውር የለበትም። የጤና ባለሙያዎች፣ ማገላበጥና ቁስል መከላከልን ለአስታማሚዎች በየእድሩ አስተምሩ፤ መሣሪያ አይጠይቅም፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ወጣቶችና አስጎብኚዎች፣ ዝርዝሩን በወግ በወግ አድርጋችሁ ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አቅርቡ፤ አሜሪካና ዓረብ አገር ላሉት የላስታ ልጆችም ላኩላቸው።

ዝርዝሩ በእጃችን ሲኖር ንግግራችን ይለወጣል። ዩኔስኮም ይምጣ፣ ጃፓንም ይምጣ፣ ሳዑዲም ይፈርም፣ «ምን ትሰጡናላችሁ» ብለን አንጠይቅም። «እኛ ይህን ያህል ቤት እየዞርን ነው፤ የእናንተንም እናቶች ልጆቻችን እየጦሩ ነው፤ የእናንተ ድርሻ የቱ ነው?» እንላለን።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከአረጋውያኑ እንጀምር።